«ብሩን ስጡትና ይሂድ» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሲዞር ከርሞ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከልኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «አንብበውና ተናደድ» ይላል መልእክቱ። አነበብኩት፤ ተናደድኩም። ግን አንድ ሁለት ቦታ ላይ «እውነታቸውን ነው» ብዬ ራሴን ነቅንቄያለሁ። ስለዚህ ምላሼ ስድብ አይሆንም።

ጽሑፉ የሚያወራው በጦርነት አካላቸው ስለጎደለ ወታደሮች ነው። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ «የሙያ ሥልጠና» እየተባለ ገንዘብ ፈሷል፤ ውጤት ግን የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉዳተኛ ዳጎስ ያለ ብር በአንዴ ይሰጠውና ይሂድ። ብር አያያዝ የማይችሉት ደግሞ አንድ ቦታ ተሰብስበው የሚሠሩበት ልዩ ፋብሪካ ይከፈትላቸው። በቡድን ዋስትና የሚሰጠው ብድርም ለጉዳተኛ አይሆንም። የግል ቀጣሪን ማስቸገር ከንቱ ድካም ነው። ደግሞስ በፖሊዮና በመኪና አደጋ የተጎዳው ሲቪል እያለ ወታደሩ ለምን ይቀድማል? ጽሑፉ የሚዘጋው «ሠልጥኖ የተቋቋመ አንድ ሰው አሳዩኝ» በሚል ፈተና ነው።

እኔ አሥራ አራት ዓመት የአውቶና የብረታ ብረት አሠልጣኝ ነበርኩ። ኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔም ስለሆነ።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። ጸሐፊው 1983ን በአንድ መስመር ነው ያለፉት። ደርግ ሲወድቅ ወደ 455 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። ወዲያው በሰኔ ወር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ክፉ ጊዜ ነበር። በየመንገዱ በካኪ ልብስ የሚለምን ወታደር ያልገጠመው የኔ ዘመን ሰው የለም። ቢሆንም ሁሉም መና አልቀረም። ከተበተነው ውስጥ ብዙው የገበሬ ልጅ ነበር። አገሩ ገብቶ መሬት ያገኘው ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ በአንዳንድ ቦታም በሬ ተሰጠው። ከመዝመቱ በፊት የመንግሥት ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረ ወደ ቦታው የተመለሰም አለ። እነዚህ ከሌላው ቀድመው ቆሙ። አዲስ ነገር ስለተማሩ አይደለም። የሚያውቁትን ስለቀጠሉ ነው። የተቸገረው ከተማ የቀረው ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አካሉ የጎደለው። በአንድ እግር ትልም መከተል አይቻልማ።

እንግዲህ እሱን ምን እናስተምረው ተባለ። መልሱ ያን ጊዜም፣ በኋላም፣ ዛሬም ያው ነው። ልብስ ስፌት። ጫማ ጥገና። ዶሮ እርባታ። አሁን አሁን ደግሞ ሞባይል ጥገናና ኮምፒዩተር ተጨምሯል። ዝርዝሩ የሚዘጋጀው ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ነው። እሱ ሲመጣ ባዶ ወንበር ያለበት ክፍል ይገባል።

ከባድመው ጦርነት በኋላ በዓለም ባንክ ብድር ወደ 150 ሺህ ገደማ ወታደር የተሰናበተበት ጊዜ ነበር። እኛም ጋ አንድ ቡድን መጣ። ከመካከላቸው በቦርድ የተሰናበተ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር። ፈንጂ ግራ እግሩን ከጉልበት በታች ወስዶታል። ከቀኝ እጁም ሁለት ጣት የለውም። ፎርሙን የሞላሁለት እኔ ነኝ። «መቆም ስለማይችል» ብዬ ስፌት ጻፍኩለት። በሠራዊቱ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር ብዬ አልጠየቅኩትም። ፎርሙም አይጠይቅም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የእግር መኪና ሲረግጥ ከረመ። በአንድ እግር። በሁለት የጎደሉ ጣቶች መርፌ እያስገባ። አንድ ቀን የኮሌጁ ጄኔሬተር አልነሳ አለ። እኔና አንድ ረዳቴ ዙሪያውን ስንታገል በክራንች መጣና ቆመ። ትንሽ አዳመጠ። «ቲቸር፣ ኖዝሉን ተወው፤ አየር ገብቶበት ነው» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት የጦር መኪናና የታንክ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው! ስለ ናፍጣ ፖምፓ እኔ ከማውቀው በላይ ያውቃል። ፖምፓና ኖዝል ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ፣ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነው። እኔ ይሄን ሰውዬ ቁልፍ ማስገቢያ ስፌት እያስተማርኩት ነበር።

ጸሐፊው «ሥልጠናው ከሽፏል» ሲሉ ይሄንን ከሆነ ልክ ናቸው። ግን የከሸፈው ሥልጠና መስጠቱ ነው ወይስ ሰውየውን ሳይጠይቁ መስጠቱ? ሠራዊት ማለት ተኳሽ ብቻ አይደለም። ሾፌር አለ፣ መካኒክ አለ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር አለ፣ የቁስለኛ ረዳት አለ፣ ለሺህ ሰው ወጥ የሚሠራ አለ፣ የንብረት ክፍል መዝገብ የሚይዝ አለ። ይሄ ሁሉ ሙያ ወረቀት ስለሌለው ብቻ እንደሌለ ይቆጠራል። የሚገርመው መንገዱ መኖሩ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ማንም ሰው የትም ይማር፣ ችሎታው ተመዝኖ ማረጋገጫ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ሲኦሲ የምንለው ማለት ነው። አንድ ወታደር ገና ሆስፒታል እያለ «ምን ትችላለህ?» ተብሎ ተመዝኖ ቢሆን ግማሹ ሥልጠና ባላስፈለገም ነበር።

አሜሪካኖች በጦርነት ለተጎዱ ወታደሮቻቸው ያላቸው የሥራ ማቋቋሚያ ፕሮግራም አምስት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ሥልጠና አይደለም። ሰውየውን ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ ነው። ሁለተኛው ባለው ችሎታ ቶሎ ሥራ እንዲይዝ ማገዝ። ረጅሙ ሥልጠና የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሲመጣ ግን ይመጣል፤ በጠቅላላው እስከ 48 ወር ሊዘልቅ ይችላል። የእነሱን በጀት እናምጣ አላልኩም። ቅደም ተከተሉን መቅዳት ግን ምንም ብር አይጠይቅም።

ሌላው ያልተነካ ጉዳይ እግር ነው። አዎ፣ እግሩ ራሱ። ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ጉማጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየቀነሰ ይሄዳል። መጀመሪያ የተሠራው አርቲፊሻል እግር ከዚያ በኋላ ይሰፋል፤ ያቆስላል። እንደገና መሠራት አለበት። የረጋው እግር እንኳ በአማካይ ሦስት ዓመት ገደማ ነው የሚያገለግለው፤ ድንጋይና ጭቃ ላይ ለሚውል ደግሞ ከዚያም ያንሳል። እኛ ግን ሠልጣኙን የምንቀበለው የበጀት ዓመቱ ሲጀምር ነው። የእግሩ ወረፋ ሌላ ከተማ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ በሥልጠናው መሐል ለልኬት ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ይቀራል። «ቀሪ በዝቶበታል» ተብሎ ይሰረዛል። ከዚያ ሪፖርት ላይ «ያቋረጠ» ይባላል። ጸሐፊው የሚያዩት ያንን ሪፖርት ነው።

የኛ የቲዎሪ ክፍል ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የሕንፃ አዋጁ በ2001 ዓ.ም. ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ሲያዝ ፎቃችን ቀድሞ ተሠርቷል። ክፍሉን ከምድር ቤቱ ስቶር ጋር ለመቀያየር አንድ ቅዳሜ ይበቃ ነበር። አልቀየርነውም። ለምን እንዳልቀየርነው ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለማይታየው ቁስልም አንድ ነገር ልበል፤ ጽሑፉ አንድ ቃል አልተነፈሰበትም። ወርክሾፕ ውስጥ ኮምፕሬሰር አየር ሲለቅ «ጧ!» ይላል። አንድ ዝምተኛ ልጅ ያን ጊዜ መሬት ላይ ተኛ። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ። ሌሎቹ ሲቪል ተማሪዎች ሳቁ። እሱ በማግስቱ አልመጣም። ቤቱ ድረስ ሄጄ ሐኪም እንዲያየው ስለምነው «አማኑኤል ልትከቱኝ ነው?» አለኝ። እኔ ብየዳ ነው የተማርኩት፤ ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከመቶ ሥልጠና አንዱ እንኳ አሠልጣኙን ለእንዲህ ዓይነት ቀን አያዘጋጀውም። ኮምፕሬሰሩን ከክፍሉ ውጪ ማድረግ ይቻል እንደነበር የገባኝ ልጁ ከቀረ በኋላ ነው።

ወደ ብሩ እንምጣ። «ብሩን ስጡትና ይሂድ።» ሐሳቡ ንቀት የለበትም። ሰውየው ለራሱ ያውቃል ማለት ነው፤ ያንን እወደዋለሁ። ጎጆው፣ ሱቁ፣ ሚስቱና ዘመዱ ላሉት ሰው ጥሬ ብር ከማንኛውም ሠርተፊኬት ይበልጣል። እውነት ነው። ግን ከሆስፒታል የወጣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ብር ይዞ አገሩ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። የአባት ዕዳ አለ። የወንድም ሠርግ አለ። እሱ በሕይወት ሲመለስ ያልተመለሱት የጓደኞቹ እናቶች አሉ፤ ባዶ እጁን ቤታቸው አይገባም። ዓመት ሳይሞላ ብሩ ያልቃል። ማንም አባካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ ብር እግር አይሠራም። ከሦስት ዓመት በኋላ እግሩ ሲሰበር ያ ብር የት አለ? በሠፈሩስ ማን ይሠራለታል?

እኔ ግን ብርና ሥልጠና ለምን እንደሚጣሉ አይገባኝም። እኛ ጋ ሰዎች የሚያቋርጡት ሦስተኛ ሳምንት ላይ ነበር። ለምን? የያዙት የቤት ኪራይ የሚያልቀው ያን ጊዜ ነው። ሲማር የሚበላበት ብር ከሌለ፣ ሲጨርስ ደግሞ የሚሠራበት መሣሪያ ከሌለ ሥልጠናው ወሬ ነው። የመቋቋሚያው ገንዘብ ተከፋፍሎ ቢሰጥስ? ጥቂቱ ሲገባ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሲማር፣ ትልቁ ደግሞ ሥራ ሲጀምር፣ በመሣሪያ መልክ።

ብድሩ ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የቡድን ዋስትና የሚባለው ነገር ለጉዳተኛ ወጥመድ ነው። አምስት ሆናችሁ ተደራጁ ይባላል። ጤነኛው ጉዳተኛውን አያስገባም፤ «ቢታመም ዕዳው ለኔ ነው» ይላል። ስለዚህ አምስት ጉዳተኞች ይደራጃሉ። ሦስቱ በአንድ ሰሞን ሕክምና ይገባሉ። ሼዱ ይዘጋል። ያንን «የሥራ ተነሳሽነት ማጣት» ብለው የጻፉ ኤክስፐርት አጋጥመውኛል።

ልዩ ፋብሪካ ይከፈት የሚለውን ሐሳብ ሳነብ ወደ ታሪክ ሄድኩ። ይሄ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1944 የአካል ጉዳተኞች የሥራ ሕግ አወጡ፤ ሃያና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከመቶ ሦስቱን ለአካል ጉዳተኞች እንዲሰጥ የሚል። ሬምፕሎይ የሚባል የመንግሥት ኩባንያም አቋቋሙ። የመጀመሪያው ፋብሪካው ዌልስ ውስጥ ብሪጅንድ ላይ በ1946 ተከፈተ። አገሩን ሁሉ ሞላው። ከዚያስ? እየዋለ እያደር መንግሥት የሚደጉመው፣ ሠራተኛው ከሌላው ዓለም ተለይቶ የሚያረጅበት ቦታ ሆነ። የመጨረሻዎቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘጉ። የተበተኑት ሠራተኞች ሌላ ሥራ ለማግኘት ስንት ፍዳ አዩ። ጸሐፊው የሚመኙት ፋብሪካ እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ ያውም የእንግሊዝ ካዝና እያለ።

በዚያው ሕግ ሥር የሆነች አንዲት ነገር ደግሞ አለች፤ ሳነባት ሳቄም እንባዬም መጣ። ሁለት ሥራዎች ለአካል ጉዳተኞች ብቻ ተብለው ተከለሉ። አንዱ የሊፍት አሳላፊነት ነው። ሌላው የመኪና ማቆሚያ ጠባቂነት። የኛን የፓርኪንግ ነገር አስታወሰኝ። ሰው ይጠቅማል ብለህ የከለልከው ሥራ ጣሪያ ሆኖበት ይቀራል።

እዚያው እንግሊዝ ግን ሌላ ቦታ ሌላ ነገር ተሠርቷል። ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ከናዚ ያመለጠ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ውስጥ አከርካሪያቸው ለተመታ ወታደሮች ክፍል ከፈተ። በዚያ ዘመን እንዲህ የተጎዳ ሰው የሚጠብቀው ሞትን ብቻ ነበር። ጉትማን ገና ሕክምና ላይ እያሉ እንጨት ሥራና ሰዓት ጥገና ያስጀምራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን አሥራ ስድስት ታካሚዎቹን በዊልቸር አስቀምጦ ቀስት አወዳደረ። ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ ነው የተወለደ። የዚህን ሆስፒታል ስም ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው በሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። የክብር ዘበኛው ጀግና በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ቮልስዋገኑ ተገልብጦ ከወገቡ በታች ሽባ ሲሆን እዚያ ነው የታከመው። በዓመቱ እዚያው አገር ቀስት ይዞ ተወዳደረ። ማንም ቀስት ይችላል ብሎ አልጠበቀውም ነበር፤ ሯጭ ነዋ! ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሳይሆን በሕክምናው መሐል ነው እንደገና ሰው የተደረገው። እኛ ጋ ሆስፒታሉ ሲጨርስ «ወረዳህ ሂድ» ይላል። ወረዳው «ኮሌጅ ሂድ» ይላል። በሦስቱ መሐል ሁለት ዓመት ያልፋል፤ በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ነው ሰው የሚጠፋው።

ቀጣሪ ማስቸገሩ ከንቱ ነው የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ማስቸገር አይደለም፤ ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ ይሰጠው ይላል። ቀጣሪውም የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች ያዛል። ማመቻቸት ሲባል ሰው ሚሊዮን ይመስለዋል። ለሃምሳ አለቃው ያደረግነው ምን መሰላችሁ? የጠረጴዛውን እግር በመጋዝ አሳጠርን። ሞርሳውን ወደ ግራ አዞርን። አለቀ። ባጃጅን አስቡ። ፍሪሲዮንና ማርሹ በግራ እጅ ነው፤ ነዳጁ በቀኝ እጅ። እግር የሚፈልገው ፍሬኑ ነው፣ እሱም የቀኙን። ግራ እግሩን ያጣ ሰው ምንም ሳይቀየርለት ይነዳዋል ማለት ነው። ይሄን ማየት የሚችል ሰው ፎርም ሞይ ሆኖ ቢቀመጥ ስንቱ ሰው ስፌት ባልተማረ!

ሲቪሉ አካል ጉዳተኛ ለምን ይቅር ለሚለው፣ ማንም ይቅር አላለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ስለ አካል ጉዳተኞች ሲናገር ወታደርና ሲቪል ብሎ አይለይም። ለወታደሩ ተብሎ የተሠራው ራምፕ ላይ ፖሊዮ የያዛትም ልጅ ትወጣበታለች። ዎርክሾፑን ለይተን ለወታደር ብቻ ካጠርነው ግን ጸሐፊው ልክ ይሆናሉ።

«ለማን ሲል ቆሰለ?» የሚል ዓረፍተ ነገርም ጣል አድርገዋል። ይሄኛው ነው ያናደደኝ። ሠራዊት በተበተነ ቁጥር ይሄ ጥያቄ ይነሳል፤ በ1983ም ተነስቷል። ዛሬም በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን በየክልሉ አቋቁማለሁ ብሎ ሲነሳ ያው ጥያቄ ይሰማል። እኔ ክፍል ውስጥ በአንድ ግንባር ተቃራኒ ምሽግ ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያውቃሉ። አንዱ የግራ፣ አንዱ የቀኝ እግር የላቸውም። አንድ ጥንድ ጫማ ገዝተው ተካፈሉ። ቁጥራቸውም አንድ ነበር፤ 42።

አሁን ወደ ፈተናው። «አንድ ሰው አሳዩኝ።»

ሃምሳ አለቃውን ከስፌት አውጥተን አውቶ ክፍል አስገባነው። ሠልጣኝ ሆኖ አልቆየም፤ በሁለተኛው ወር እሱ ያስረዳል እኔ እጽፋለሁ። ዛሬ መስኖ ያለበት ከተማ ላይ የራሱ ቤት አለው። የውኃ ፓምፕና ጄኔሬተር ይጠግናል። ሦስት ልጆች ቀጥሯል፤ ከመካከላቸው አንዱ መስማት የተሳነው ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ቤቱ ይዘጋል፣ እግሩን ሊያሠራ ሲሄድ። የጠረጴዛው እግር አሁንም አጭር ነው።

ትናንት ማታ ስልክ ደወልኩለትና ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። ዝም ብሎ አዳመጠ። ከኋላው ሞተር ይጮሃል። ስጨርስ «ሰውየው የት ነው የሚኖረው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

«ጄኔሬተር ካለው አምጣ በለው፣ ቲቸር።»